«ፎስፌት ቀንሱ» ተባልን፤ የበላነውን ግን እንዴት ነው የምንለካው?

የእማዬ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም አለባት። ደረጃ 4 ላይ ናት፤ እጥበት ገና አልጀመረችም። በቅርቡ ስትመረመር ፎስፌቷ፣ ማለትም የደከመ ኩላሊት በደንብ የማያስወጣው ማዕድን፣ ደሟ ውስጥ 5.1 ሚሊግራም በዴሲሊትር መጣ። ወረቀቱ ጤናማው ከ2.5 እስከ 4.5 ነው ይላል። ሐኪሟ «ፎስፌት ቀንሱ» አሉንና አንድ ገጽ ዝርዝር ይዘን ወጣን። ዝርዝሩ ላይ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ አይብ፣ እንቁላል፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ለውዝ፣ ያልተፈተገ እህል አለ። የቀረ ነገር የለም። ታዲያ ምን ትብላ?

እኔ ደግሞ ቁጥር ካልያዝኩ አይሆንልኝም። የወጥ ቤት ሚዛን አመጣሁ፣ ከኢንተርኔት የምግብ ሰንጠረዥ አወረድኩ፣ የምትበላውን እየመዘንኩ እደምራለሁ። በቀን ከ800 እስከ 1000 ሚሊግራም እንዳያልፍ የሚል አንብቤያለሁ። በእኔ ድምር 800 እንኳ አትሞላም። ደሟ ላይ ለምን አይወርድም? እሷ ደግሞ ፈርታ ሥጋውንም እንቁላሉንም እየተወች ነው። ልብሷ እየሰፋት መጥቷል። በትክክል የሚለካበት መንገድ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ደረጃ ሦስት

እኔም ይሄንኑ ልጠይቅ ነበር። እከታተላለሁ።

ሥነ ምግብ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ሥጋና እንቁላል መተዋን አስቁሚያት። ቁጥሩ ይደረስበታል። ጡንቻ ግን አንዴ ከሄደ መመለሱ ከባድ ነው፣ በተለይ ለኩላሊት ሕመምተኛ።

ድምርሽ ከደሟ ጋር የማይገጥመው በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። ሰንጠረዡ የሚነግርሽ ምግቡ ውስጥ ያለውን ነው። አንጀት ምን ያህሉን እንደሚያስገባ አይነግርሽም። ባቄላ፣ ምስር፣ ለውዝና ያልተፈተገ እህል ውስጥ ያለው ፎስፌት አብዛኛው ፋይቴት በሚባል መልክ ታስሮ ነው ያለው። የሰው አንጀት ያንን የሚፈታ ኢንዛይም የለውም። ስለዚህ ወደ ደም የሚገባው ከ20 እስከ 50 በመቶው ቢሆን ነው። ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ከ40 እስከ 60 በመቶ ይገባል። ፋብሪካ የሚጨምረው የፎስፌት ጨው ግን ከምንም ጋር አልተሳሰረም። በቀላሉ ይሟሟል፣ ከ90 በመቶ በላይ ሊገባ ይችላል። ሦስቱንም በአንድ መስመር ስትደምሪ የማይደመረውን እየደመርሽ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ሰንጠረዦች ብዙ ጊዜ የተጨመረውን ፎስፌት አይቆጥሩም። ሰንጠረዡ ላይ ያለው ዶሮ ምንም ያልተነካ ዶሮ ነው። የእናትሽ ሳህን ላይ ያለው ግን ውሃ እንዲይዝና ለስላሳ እንዲሆን የፎስፌት ጨው የተወጋ ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ ያው 100 ግራም ይላል፣ ፎስፌቱ ግን ሌላ ነው። አምራቾች ደግሞ በአብዛኛው መጠኑን ማሸጊያው ላይ አይጽፉም። ስለዚህ የቱንም ያህል ተጠንቅቀሽ ብትመዝኚ ድምርሽ ከእውነቱ ያነሰ ነው የሚሆነው።

እኔ ከታካሚዎቼ ጋር የምሠራው እንዲህ ነው። የሦስት ቀን ማስታወሻ ይያዙልኛል፤ ሁለቱ የሥራ ቀን፣ አንዱ የእረፍት ቀን ይሁን። ስንት ሚሊግራም እንደሆነ እንዲጽፉ አልጠይቅም። ምን እንደበሉ፣ በግምት ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከየት እንደመጣ ይጻፍ። ቤት ከጥሬው ተሠራ? ከማሸጊያ ወጣ? ከሆቴል መጣ? ከማሸጊያ የወጣውን ማሸጊያውን በስልክ አንስተሽ አስቀምጪ። ከዚያ ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ራሱ ብቅ ይላል።

እጥበት ላይ ነኝ

ሥነ ምግብ ያለው/ያለችው ትክክል ነው። የማሸጊያውን ነገር እኔ ልጨምር።

ፊት ለፊት የተጻፈውን ትልቁን ጽሑፍ ተይው። ገልብጪና ትንንሹን የይዘት ዝርዝር አንብቢ። በላቲን ፊደል «ፎስ» የሚል ድምፅ ያለበትን ቃል ፈልጊ፤ ሶዲየም ፎስፌት፣ ፎስፎሪክ አሲድ፣ ፖሊፎስፌት ምናምን። ቃሉ ከሌለ ኮዱን ፈልጊ። ኢ 338 ፎስፎሪክ አሲድ ነው። ኢ 339 የሶዲየም፣ ኢ 340 የፖታሲየም፣ ኢ 341 የካልሲየም፣ ኢ 343 የማግኒዚየም ፎስፌት ናቸው። ከዚያ ኢ 450፣ ኢ 451 እና ኢ 452 አሉ። እነዚህን ቁጥሮች በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከገንዘቤ ጋር ይዤ ነው የምገበያየው።

ብዙ ጊዜ የማገኛቸው በታሸገ ሥጋ፣ በቋሊማና በሞርታዴላ፣ በሚቀባና በሚቀልጥ አይብ፣ በዱቄት የቡና ማንጫ፣ በጥቁር ኮላ፣ በኬክና በብስኩት ውስጥ ነው። ኬክና ብስኩቱ ላይ የሚገቡት በቤኪንግ ፓውደር በኩል ነው። የሚቀልጠው አይብ ላይ ደግሞ ፎስፌቱ እንዲያው ትንሽ ጣል የተደረገ አይደለም፤ አይቡን ለስላሳና ወጥ አድርጎ የሚይዘው ጨው ራሱ እሱ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። «ጨው የቀነሰ» የሚሉት አንዳንድ ምርቶች በሶዲየሙ ቦታ ፖታሲየም ፎስፌት ይከታሉ። ለኩላሊት ሰው ሁለት ጊዜ ችግር ነው።

ደረጃ ሦስት

ይቅርታ፣ ክሩን ልጠልፍ አይደለም። የእኔ ፎስፌት 3.8 ነው። ሐኪሜ ግን አሁኑኑ የታሸገ ምግብ ቀንስ ይለኛል። ደሜ ላይ ጤናማ ከሆነ ምኑን ነው የምቀንሰው?

ሥነ ምግብ

ጥሩ ጥያቄ ነው። የደም ፎስፌት ዘግይቶ ነው የሚናገረው። በሰውነታችን ካለው ፎስፌት 85 በመቶ ገደማው አጥንት ውስጥ ነው ያለው፤ ከሴል ውጭ፣ ደም ውስጥ ጭምር፣ ያለው 1 በመቶ ያህል ነው። ኩላሊት መድከም ሲጀምር አጥንት ኤፍ ጂ ኤፍ 23 የሚባል ሆርሞን ያበዛል፣ የፓራታይሮይድ ሆርሞንም ይጨምራል። ሁለቱ የቀረውን ኩላሊት «ፎስፌት አውጣ» እያሉ ያስገድዱታል። በዚህ ጫና ቁጥሩ የኩላሊት ማጣሪያ አቅም በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች እስኪወርድ ድረስ ጤናማ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ያንተ 3.8 በምን ያህል ጫና እንደተያዘ ከቁጥሩ አታውቅም። ኤፍ ጂ ኤፍ 23 ሲበዛ ደግሞ ልብን ከማወፈር ጋር ተያይዟል። ሐኪምህ ቀድሞ መጀመሩ ልክ ነው። አንተ ግን ልኬት ውስጥ መግባት አያስፈልግህም፤ የተጨመረውን ፎስፌት ብቻ አስወጣ።

የላብራቶሪ ሰው

ከእኛ በኩል ያለውን ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ቁጥሩን ብቻ አይቶ ይደነግጣል።

የደም ፎስፌት በቀን ውስጥ ይዋዥቃል። ረፋዱ ላይ ዝቅ ይላል፣ ከሰዓት በኋላና ማታ ከፍ ይላል። አንዱን ጊዜ ጠዋት፣ ሌላውን ጊዜ ከሰዓት ከተሰጠ የሁለቱ ልዩነት ከምግቡ ላይሆን ይችላል። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ስጡ። ሌላው፣ ደሙ ሲቀዳ ወይም ሲጓጓዝ ቀይ ሴሎቹ ከፈነዱ ውስጣቸው ያለው ፎስፌት ይወጣና ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ይላል። ያልተጠበቀ ከፍታ ሲመጣ ናሙናው ጥሩ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አንዳንድ ቦታ ውጤቱ በሚሊሞል በሊትር ነው የሚወጣው። በ3.1 አባዙት፣ ወደ ሚሊግራም በዴሲሊትር ይመጣል። የእናትሽ 5.1 በሚሊሞል 1.65 ገደማ ነው።

«በትክክል የሚለካበት» ላልሽው ደግሞ የ24 ሰዓት ሽንት አለ። እጥበት ላልጀመረና ሕመሙ በተረጋጋ ሰው፣ በሽንት የሚወጣው ፎስፌት አንጀት ካስገባው ጋር ይቀራረባል። ልብ በይ፣ የበላችውን ሳይሆን የገባውን ነው የሚያሳየው። እንዲያውም ያ ነው የሚጠቅመው። ግን ከቀን ቀን በጣም ይለያያል። አንዲት ሽንት ከጎደለች ውጤቱ ዋጋ የለውም። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ታፈሳለች፣ ሰዓቱን ትጽፋለች፣ ከዚያ የሚመጣውን ሁሉ እስከ በማግስቱ ያው ሰዓት ትሰበስባለች፣ የመጨረሻዋም ትገባለች። የምግብ ማስታወሻው በዚያው ቀን ከተያዘ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማንበብ ይቻላል። ይጠቅም አይጠቅም እንደሆነ ሐኪሟ ይወስናሉ።

የእማዬ ልጅ

አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያብራራልኝ የለም።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ፕሮቲኑን ካልተወች ፎስፌቱ በምን ይቀንሳል? ሁለቱ አብረው አይደል የሚሄዱት? ሁለተኛ፣ ሌላ ቦታ ባቄላና ምስር ለኩላሊት ሰው ፈጽሞ ክልክል ነው ሲሉ አንብቤያለሁ።

ቆየት ያልኩ

ክልክል ነው። እኔን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥራጥሬ እንዳልነካ ነው ያዘዙኝ። ለምን አሁን ሌላ ይባላል?

ሥነ ምግብ

ቆየት ያልኩ፣ ለርስዎ የታዘዘውን በዚህ ክር ምክንያት እንዳይቀይሩ። ምናልባት ፖታሲየምዎ ከፍ ብሎ ይሆናል፤ ጥራጥሬ ፖታሲየምም አለው። ግን በፎስፌት ብቻ ከሆነ የድሮው ክልከላ የቆመው በአጠቃላይ መጠኑ ላይ ነው። በ2011 የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት አለ። ደረጃ 3 እና 4 ላይ ያሉ 9 ሰዎች ናቸው። ለአንድ ሳምንት የዕፅዋት፣ ለአንድ ሳምንት የሥጋ ምግብ ተሰጣቸው፤ የፎስፌቱ መጠን በሁለቱም ሳምንት ተመሳሳይ ነው። በዕፅዋቱ ሳምንት የደም ፎስፌታቸውም ኤፍ ጂ ኤፍ 23ም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ግን ስለ ፋይቴት ከምናውቀው ጋር ይስማማል። በ2017 የታደሰው ኬዲጎ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያም ምክር ሲሰጥ የፎስፌቱ ምንጭ ከእንስሳ፣ ከዕፅዋት ወይስ ከተጨማሪ መሆኑ እንዲታይ ይላል።

የእማዬ ልጅ፣ አዎ፣ ፕሮቲንና ፎስፌት አብረው ይሄዳሉ፣ ግን እኩል አይደሉም። እኔ የማየው በአንድ ግራም ፕሮቲን ስንት ሚሊግራም ፎስፌት እንደሚመጣ ነው። የእንቁላል ነጩን ውሰጂ። 3.6 ግራም ፕሮቲን ይዞ ፎስፌቱ 5 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ በግራም ሁለት አይሞላም። ሙሉው እንቁላል በግራም 14 ገደማ ነው፣ ምክንያቱም ፎስፌቱ ያለው አስኳሉ ላይ ነው። ያልተነካ የዶሮ ደረት በግራም 7 ወይም 8 ይሆናል። ወተት ግን 28 ገደማ ነው። አንድ ትልቅ ብርጭቆ 8 ግራም ፕሮቲን ሰጥቶ 230 ሚሊግራም ፎስፌት ያስከትላል። ስለዚህ ከሚዛንሽ ይልቅ ይህችን ክፍልፋይ ያዢ። በግራም ከ10 ወይም ከ12 በታች የሆነውን አብዢ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ቆንጥሪ። ለምስርና ለባቄላ ግን ይህ ክፍልፋይ አይፈርድላቸውም፤ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ የሚገባው ግን ትንሽ ነው።

ሥጋውን ደግሞ ቀቅሉላት። በትንንሹ ቆርጦ በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ፎስፌቱን በደንብ ይቀንሳል፣ ፕሮቲኑ ግን ብዙም አይሄድም። ፖታሲየሙም አብሮ ይቀንሳል። መረቁን አትጠቀሙበት፣ የወጣው ሁሉ እዚያ ነው ያለው። አንድ ጥብስ የለመደ ሰው እንዲበላው ከፈለጋችሁ ቀቅላችሁ ካንጠፈጠፋችሁ በኋላ በትንሽ ዘይት መለስ አድርጉት።

ፕሮቲን መቀነስ በራሱ ግብ እንዳልሆነ ደግሞ የሚያሳይ አለ። በ2008 የታተመ፣ እጥበት ላይ ያሉ ከ30 ሺህ በላይ ሰዎችን ያየ ጥናት ነው። ፎስፌታቸው ወርዶ የፕሮቲን አወሳሰዳቸው የጨመረው የተሻለ ዕድሜ ኖረዋል። ፎስፌታቸው የወረደው ፕሮቲን በመቀነስ የሆነባቸው አልተጠቀሙም። ጥናቱ ተከታትሎ የታየ እንጂ በዕጣ የተከፈለ አይደለም። ግን እኔ ሳህን ላይ ስፈርድ ከአእምሮዬ አይወጣም። እናትሽ እጥበት ስላልጀመረች ምን ያህል ፕሮቲን እንደሚበቃት ከሐኪሟ ጋር ቁጥር ይዛችሁ ተነጋገሩ። እጥበት ላይ ላለ ሰው በኪሎ ክብደት ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ነው፤ ላልጀመረ ሰው ከዚያ ያነሰ ነው።

እጥበት ላይ ነኝ

እጥበት ላይ ላላችሁ አንድ ስሌት ልተው፤ ለእኔ ነገሩን የገለጠልኝ እሷ ናት። የ4 ሰዓት እጥበት ከ800 እስከ 1000 ሚሊግራም ፎስፌት ያወጣል። በሳምንት ሦስቴ ሲሆን ቢበዛ 3000 ነው። በቀን 1000 ሚሊግራም ብበላና 60 በመቶው ቢገባ፣ በሳምንት 4200 ይገባል። 1200 ሚሊግራም የሚወጣበት የለም። ሽንት የቀረው ሰው ትንሽ ይረዳዋል፤ ለኔ ለደረቀብኝ ግን ያ ልዩነት በየሳምንቱ ይከማቻል። ለዚህ ነው ባይንደር፣ ማለትም ፎስፌቱን አስሮ የሚያስቀር መድኃኒት፣ የሚሰጡን።

ባይንደር የሚሠራው አንጀት ውስጥ ከምግቡ ጋር ሲገናኝ ነው። ካልሲየም ካርቦኔትም ሆነ ሴቬላመር፣ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ቢዋጥ የሚያስረው አያገኝም። ላንታነም የሚባለው ባይንደር ደግሞ የሚታኘክ ነው፣ ሳይደቅ አይዋጥ። ብረት ያለባቸው ሰገራን ያጠቁራሉ፣ አትደንግጡ። በምግብ ማስታወሻዬ ላይ ከእያንዳንዱ ምግብ አጠገብ ባይንደሩን በምልክት አሰፍራለሁ። ሐኪሜ ፎስፌቴ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ምልክት ነው። መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት በምግብ ሰዓት ተወስዷል ወይ የሚለው ይጣራል።

ነርስ በእጥበት ክፍል

ሁለት ማስጠንቀቂያ ብቻ።

ሶዲየም ፎስፌት ያለበት የሆድ ማጽጃ፣ በአፍ የሚጠጣውም ከታች የሚገባውም፣ ለኩላሊት ሕመምተኛ አይሆንም። በአንድ ጊዜ ብዙ ፎስፌት ያስገባል፤ ኩላሊትን ራሱን ሊጎዳ ይችላል። ሆድ ድርቀት በዚህ ሕመም የተለመደ ስለሆነ ሰው ሳያስብ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል። ለአንጀት ምርመራ ስትዘጋጁም የኩላሊት ሕመም እንዳለባችሁ ተናገሩ።

ሁለተኛ፣ «ምንም አያመኝም፣ ስለዚህ ፎስፌቴ ደህና ነው» አይባልም። ማሳከክና የአጥንት ሕመም ይመጣል፣ ግን ዘግይቶ ነው። የደም ሥር ውስጥ ካልሲየም መጋገሩ ድምፅ የለውም። ደረጃ 4 ላይ ያለ ሰው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ፎስፌቱን ቢመረመር ይመከራል። ደረጃ 5 ከሆነ ከ1 እስከ 3 ወር ነው።

ደረጃ ሦስት

ማሸጊያ ማንበብ ብቻውን በእርግጥ ቁጥር ይለውጣል? ወይስ ለአእምሮ እረፍት ነው?

ሥነ ምግብ

ይለውጣል። በ2009 የታተመ፣ አሜሪካ ውስጥ እጥበት ላይ ያሉ 279 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት የከፈለ ጥናት አለ። አንደኛው ወገን የተጨመረ ፎስፌት እንዴት እንደሚለይና እንደሚያስወግድ ተማረ፤ ሌላው የተለመደውን ሕክምና ቀጠለ። ከ3 ወር በኋላ የተማሩት ፎስፌት ከሌሎቹ ይልቅ በ0.6 ሚሊግራም በዴሲሊትር የበለጠ ወረደ። አዲስ ክኒን የለም፣ ሥጋ ተከለከሉ የለም። ለእኔ በዚህ ሙያ ካየኋቸው ጥናቶች ሁሉ ሳህን ላይ በቀጥታ የሚወርደው ይሄ ነው።

የእማዬ ልጅ

የሦስት ቀኑን ማስታወሻ ጨረስን። ማሸጊያዎቹን አነሳኋቸው።

ዶሮው ከማቀዝቀዣ የሚወጣ የተቆራረጠ ነው። ፊቱ ላይ ዶሮ ብቻ ነው የሚለው። ገልብጬ ሳነብ ዶሮ፣ ውሃ፣ ጨው፣ ኢ 451 ይላል። እኔ እንደ ንጹሕ ዶሮ ነበር ስመዝነው የነበረው። የምትወደው የሚቀባ አይብ ላይ ኢ 339 እና ኢ 452 ሁለቱም አሉ። ሻይዋ ላይ የምትጨምረው ዱቄት ላይ ኢ 340 አለ፤ እሱን በቀን ደጋግማ ስለምትወስድ በጣም ገረመኝ። ባቄላው ላይ ግን ባቄላና ውሃ ብቻ ነው።

ከእንግዲህ ጥሬ ዶሮ እንገዛለን፣ እንቀቅላለን። የእንቁላል ነጭ ጠዋት ጠዋት ተመልሷል፤ ደስ ብሏታል። ዱቄቱን ትተን በትንሽ ወተት ተክተናል፣ መጠኑን እለካለሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር፦ ዘመድ የላከላት የሚበጠበጥ የፕሮቲን ዱቄትና መልቲቫይታሚን አለ። ክብደቷ ስለቀነሰ ልስጣት?

ሥነ ምግብ

ምንጩ በደንብ ተገኝቷል፤ በተለይ ዱቄቱ። ጥቂት ጥቂት እየሆነ በቀን ብዙ ጊዜ የሚገባ ነገር ሰንጠረዥ ላይ አይታይም።

የፕሮቲን ዱቄቱን ቆይ። ብዙዎቹ ከወተት የተሠሩ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ላይ የፎስፌት ጨው ይጨመራል። ፖታሲየማቸውም ሊበዛ ይችላል። መልቲቫይታሚኑንም አገላብጪው፤ ካልሲየም ፎስፌት በክኒን መሙያነት የሚገባበት ብዙ ነው፣ ቫይታሚን ኤ እና ዲም ለኩላሊት ሰው በዘፈቀደ አይወሰዱም። ሁለቱንም ቆርቆሮ ከማስታወሻው ጋር ይዛችሁ ሐኪሟ ዘንድ ሂዱ። ለኩላሊት ሕመምተኛ ተብለው የሚሠሩ፣ ፎስፌትና ፖታሲየማቸው የቀነሰ አልሚ መጠጦች አሉ፤ ስለ እነሱ ጠይቂ።

የላብራቶሪ ሰው

የሚቀጥለው ደም በዚያው በፊተኛው ሰዓት ይሰጥ። የፊተኛው ስንት ሰዓት ላይ እንደነበር ወረቀቱ ላይ ታገኚዋለሽ፣ ናሙና የተወሰደበት ሰዓት ከቀኑ አጠገብ ይጻፋል።